«ሚስታችሁ ወይም ሠራተኞቻችሁ ቢያነቡት ትወዳላችሁ?»

ኦክቶበር 1960 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቦታው ለንደን፣ ኦልድ ቤይሊ የሚባለው የወንጀል ፍርድ ቤት። አንድ ዐቃቤ ሕግ ተነሥቶ ፊቱ የተቀመጡትን 12 ሰዎች ያናግራል። ጁሪ ናቸው። ከየሥራቸው ተጠርተው የመጡ ተራ ሰዎች፤ 9 ወንዶች፣ 3 ሴቶች። የቀረበላቸው ጉዳይ አንድ ልብ ወለድ ነው። ወንዶች ልጆቻችሁ ቢያነቡት ይሁን ትላላችሁ? ሴቶች ልጆቻችሁስ? ቤታችሁ ውስጥ እንዲሁ እንደዋዛ ትተዉታላችሁ? ሚስታችሁ ወይም ሠራተኞቻችሁ እንዲያነቡት እንኳ ትፈልጋላችሁ?

ሰውየው ሜርቪን ግሪፊዝ-ጆንስ ይባላል። ኢተንና ካምብሪጅ የተማረ፣ ኑረምበርግ ላይ የናዚ ሹማምንት ሲከሰሱ ከእንግሊዝ ወገን ከቆሙት ዐቃቤ ሕጎች አንዱ የነበረ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ክሱን በገዛ አፉ የገደለው። ጥያቄዋ ስትመጣ ከጁሪዎቹ አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ ይባላል።

እንግሊዞች ይህን ታሪክ ሲያወሩት እንደ ቀልድ ነው። «ሠራተኞቻችሁ!» ይሉና ይሥቃሉ። ስለ ድኅረ ጦርነት እንግሊዝ የሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ሳያነሣት አያልፍም። እኔ ግን መጀመሪያ ሳነባት ሣቄ አልመጣም። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ከጀርባው ሰርቪስ ባለው ቤት ውስጥ ነው። ሀብታሞች አልነበርንም። እናቴ አስተማሪ ናት፣ አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ። ግን የቤት ሠራተኛ ነበረችን፤ ከገጠር የመጣች፣ ማታ ማታ የምትማር ልጅ።

አንድ ጊዜ እናቴ ራስጌዋ ያስቀመጠችው ልብ ወለድ ጠፋ። ቤቱ ተገለባብጦ ተፈለገ። በመጨረሻ የተገኘው ማድቤት ነው፤ ከበርበሬው ዕቃ በላይ፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ። ልጅቷ ከግማሽ በላይ ሄዳለች። የደረሰችበትን ገጽ በክብሪት እንጨት ይዛዋለች። እናቴ አልተቆጣችም። «አሁን ይሄ ላንቺ ምን ያደርግልሻል?» ብቻ አለቻት። ከልቧ ገርሟት ነው የጠየቀችው። ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ የእናቴ መጻሕፍት ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ገቡ።

ስለዚህ የግሪፊዝ-ጆንስ ጥያቄ ለኔ ቤት የሚያውቀው ጥያቄ ነው። እናቴ ጁሪ ሆና ብትቀመጥ ኖሮ ፈገግ የምትል አይመስለኝም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ እነዚያ 12 እንግሊዞች ለምን ፈገግ አሉ? ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ ቢጠየቁ ጥያቄው ያስቃቸው ነበር?

መጽሐፉ የዲ. ኤች. ሎረንስ «የሌዲ ቻተርሊ ፍቅረኛ» ነው። ሌዲ ቻተርሊ የባላባት ሚስት ናት። ባሏ ጦርነት ቆስሎ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኗል። እሷ የባሏን ደን ከሚጠብቀው ሰውዬ ጋር ፍቅር ይይዛታል። ሎረንስ ራሱ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነው። መጽሐፉን በ1928 ጣልያን አገር ፍሎረንስ ላይ በግሉ አሳተመውና በ1930 ሞተ። ከዚያ በኋላ ሙሉው መጽሐፍ እንግሊዝ ውስጥ በግላጭ ሳይሸጥ 30 ዓመት አለፈ። አውሮፓ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሻንጣው ውስጥ ደብቆ ያስገባው ነበር። ያ ደግሞ አውሮፓ ደርሶ መመለስ የሚችል ሰው ነው።

በ1959 ሕጉ ተለወጠ። ጸያፍ ነው የተባለ መጽሐፍ ሥነ ጽሑፋዊ ዋጋ ካለው ለሕዝብ ይበጃል ብሎ መከራከርና ባለሙያ ምስክር መጥራት ተፈቀደ። ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ አዲሱን ሕግ ሊሞክረው ቆርጦ ተነሣ። 200,000 ቅጂ አሳተመ። ጥቂቶቹን ራሱ ለፖሊስ አስረከበ። ኑ ክሰሱኝ ነው ነገሩ። የመሸጫውን ዋጋ 3 ሽልንግ ከ6 ፔንስ አደረገው።

የክሱ ሆድቃ ያለው እዚህ ዋጋ ላይ ነው። የፔንግዊን ጠበቃ ጄራልድ ጋርዲነር በመዝጊያ ንግግሩ ይህንኑ ነቅሶ አወጣው፦ አንድን መጽሐፍ ውድ አድርገው ለጥቂት ሰዎች ሲያሳትሙት ምንም የለ፤ ኪሱ የሳሳ ሰው ሊገዛው በሚችልበት ዋጋ ሲወጣ ነው ወንጀል የሚሆነው? ሎረንስ የጻፈው ስለ አልጋ ይመስላል፤ ችሎቱ ግን የተከራከረው ማን ያንብብ በሚለው ላይ ነው።

የኔ ተወዳጅ ዝርዝር ግን የዳኛው ሚስት ናት። ዳኛው ሰር ሎረንስ በርን ይባላሉ። ባለቤታቸው ሌዲ ዶሮቲ ችሎቱ ላይ ከጎናቸው ተቀምጠው ነበር። መጽሐፉን አስቀድመው ያነበቡት እሳቸው ናቸው። አስነዋሪ ያሏቸውን ቦታዎች ምልክት አድርገው፣ የገጽ ቁጥራቸውን ከነማብራሪያው በወረቀት ላይ ዘርዝረው ለባላቸው ሰጡ። ጋዜጠኞች ዳኛውን መጽሐፉን ይዘው እንዳያዩአቸው ደግሞ ከጨርቅ ትንሽ ከረጢት አዘጋጁለት። ከረጢቱም መጽሐፉም ዛሬ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፤ በ2019 ከአገር እንዳይወጣ ተብሎ ገንዘብ ተዋጥቶ የተገዛ ነው። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ግራጫ ሰማያዊ፣ ጥሩ ጨርቅ። ግሪፊዝ-ጆንስ ሚስታችሁ ብታነበው እያለ ሲጠይቅ፣ የዳኛው ሚስት አንብባ፣ አስምራ፣ ከረጢት ውስጥ ከታው ጎኑ ተቀምጣለች። ይህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው አበዛኸው ይባል ነበር።

ኖቬምበር 2 ጁሪዎቹ ሦስት ሰዓት ያህል ተመካክረው ወጡ። ፔንግዊን ነጻ ነው አሉ። መጽሐፉ ኖቬምበር 10 ገበያ ላይ ሲውል 200,000ው በአንድ ቀን አለቀ። በዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን ተጠጋ። ፔንግዊን ቀጣዩን እትም ለእነዚያ 12 ሰዎች መታሰቢያ አደረገው።

እና ፈገግታው ከየት መጣ? መጀመሪያ ነገር ሠራተኛ የለም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሴቶች በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ መጣና ሴቶቹን ጥይት ፋብሪካ፣ አውቶቡስ፣ እርሻ አስገባቸው። ሰላም ሲሆን ወደ ሰው ማድቤት የተመለሰችው ጥቂት ናት። የጦርነቱ ማግስት ደግሞ ሌላ አገር ነው። በጁላይ 1945 ምርጫ ሕዝቡ ጦርነቱን ያሸነፈለትን ቸርችልን አውርዶ የአትሊን ሌበር ፓርቲ ሾመ። ጁላይ 5 ቀን 1948 ሕክምና ለሁሉም በነጻ ሆነ። ድህነቱ ግን አልቀረም፤ በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ያልነበረ የዳቦ ራሽን በ1946 መጣ፣ ሥጋ ከራሽን የወጣው በ1954 ነው። ሁሉም ተሰልፎ የሚበላበት አገር ውስጥ «ሠራተኞቻችሁ» የሚለው ቃል ያረጀ ካፖርት መሽተት ጀመረ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ራሱ ነው። አለን ሌን የተባለ ሰው በ1935 ፔንግዊንን ሲጀምር አንዱን መጽሐፍ በ6 ፔንስ ነበር የሚሸጠው፤ የአንድ ፓኮ ሲጋራ ዋጋ ነው። የሚሸጠውም መጻሕፍት ቤት ብቻ አይደለም፤ ርካሽ ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ውስጥም ከሳህንና ከክር ጋር ይደረደር ነበር። እኔ እዚህ ለንደን ቻሪቲ ሾፕ በገባሁ ቁጥር እነዚያን ብርቱካንማ ሽፋን ያላቸውን አሮጌ ፔንግዊኖች እፈልጋለሁ። ውስጣቸው ስም ተጽፎባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ውስጥ የአውቶቡስ ቲኬት አለ። የሳሎን መደርደሪያ መጻሕፍት አይመስሉም። ኪስ የለመዱ ናቸው።

ሦስተኛው፣ በኔ ሚዛን ከሁሉም የሚበልጠው፣ ትምህርት ነው። የ1944ቱ የትምህርት ሕግ ሁለተኛ ደረጃን ለሁሉም ልጅ በነጻ አደረገ። ግን ወንፊት ነበረው። ልጁ 11 ዓመት ሲሞላው ይፈተናል፤ እነሱ ኢለቨን ፕላስ ይሉታል፣ እኛ በሚኒስትሪ እንደተንቀጠቀጥነው እነሱም በዚህ ተንቀጥቅጠዋል። ያለፈው ግራመር ስኩል ይገባል፤ ላቲን፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። የወደቀው፣ ማለት አብዛኛው፣ ሌላው ትምህርት ቤት ገብቶ በ15 ዓመቱ ወደ ሥራ። በአንድ ጠዋት ፈተና ወንድምና እህት ሁለት አገር ገቡ። ለሴቶች የተመደበው ቦታ ብዙ ቦታ ላይ ያነሰ ስለነበረ ሴት ልጅ ለማለፍ ከወንድሟ የበለጠ ነጥብ ያስፈልጋት ነበር።

ይህ ወንፊት ምን ዓይነት ሰው እንዳወጣ ከሪቻርድ ሆጋርት በላይ የጻፈ የለም። ሆጋርት የሊድስ ልጅ ነው፤ ሀንስሌት የሚባል የሠራተኞች ሰፈር። በልጅነቱ ወላጆቹ ሞተውበት ያሳደገችው አያቱ ናት። በስኮላርሺፕ ተምሮ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በ1957 «የንባብ ጥቅሞች» የሚል መጽሐፍ አወጣ። በሌዲ ቻተርሊ ችሎትም ከመከላከያ ምስክሮች አንዱ እሱ ነበር፣ ምናልባትም ዋናው። መጽሐፉ ባለጌ ሳይሆን ጥብቅ ሥነ ምግባር ያለው ነው ብሎ ሲመሰክር ዐቃቤ ሕጉ ሊያሾፍበት ሞከረ። ሆጋርት አልተረበሸም። እነዚያ ጸያፍ የተባሉ ቃላትን በተመለከተም ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም ሳልርቅ አንድ ሰው አንዱን ቃል ሦስቴ ሲለው ሰምቻለሁ አለ። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው መልስ ነው።

«የንባብ ጥቅሞች» ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ፊቴ ይሞቃል። ስኮላርሺፕ ያገኘው ልጅ ማታ የቤት ሥራውን ይሠራል። ቤቱ አንድ ሞቃት ክፍል ብቻ ነው ያለው። እናት ትተኩሳለች፣ ራዲዮ ተከፍቷል፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ወሬ አለ። ልጁ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ጆሮውን ከቤተሰቡ መንቀል አለበት። አጠገባቸው ተቀምጦ አብሯቸው አይሆንም። ቤተሰቡ ይኮራበታል፤ የሚያወራው ነገር ግን እያለቀ ይሄዳል። ወደ ላይ የወጣው ልጅ በመጨረሻ የታቹም አይደለም፣ የላዩም አይደለም።

የኛ ቤት ማታ ማታ ይህንኑ ነው። ሁለት ክፍል አፓርታማ፣ አንድ ጠረጴዛ። እኔ የነገ ዩኒፎርም እተኩሳለሁ፣ የአማርኛ ቴሌቪዥን ተከፍቷል፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ እህቴ ከአዲስ አበባ ታወራለች። ልጄ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍና ትጽፋለች። አንዳንዴ ምን እየጻፍሽ ነው እላታለሁ። ልታስረዳኝ ትጀምራለች፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትሄድና «በቃ ተይው እማዬ፣ ረጅም ነው» ትላለች። ረጅም ሆኖ አይደለም። እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ሆጋርት በመደብ ደረጃ የጻፈውን እኛ በቋንቋም ጭምር እንከፍለዋለን።

ከዚህ ትውልድ ነው እንግዲህ ደራሲዎቹ የመጡት። ሜይ 8 ቀን 1956 ለንደን ሮያል ኮርት ቲያትር መጋረጃው ሲከፈት ጣሪያ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ታየች። ሁለት ወንዶች የእሑድ ጋዜጣ ያነባሉ። አንዲት ሴት ልብስ ትተኩሳለች። የጆን ኦስቦርን «ወደ ኋላ በቁጣ መመልከት» ነው፤ ደራሲው 26 ዓመቱ። እስከዚያ የለንደን መድረክ በአብዛኛው የሀብታም ሳሎን ነው፤ ሻይ በብር ትሪ ይቀርባል፣ ሠራተኛ የሚታየው «እንግዳ መጥተዋል» ለማለት ነው። አሁን መተኮሻው ራሱ መድረክ መሃል ቆመ። ጂሚ ፖርተር የሚባለው ባለታሪክ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ገበያ ላይ ከረሜላ ይሸጣል። ሁሉንም ይሳደባል፤ አማቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ጋዜጣውን፣ ከሁሉ በላይ የምትተኩስለትን ሚስቱን።

«ቁጡ ወጣቶች» የሚል ስም ወጣላቸው። እኔ በጂሚ ፖርተር ብዙም አልደነቅም። ከላይ ካሉት ጋር ተጣልቶ ቂሙን ቤት ገብቶ ሚስቱ ላይ የሚወጣ ወንድ ለማየት ቲያትር ቤት መግባት አያስፈልገኝም። የኔ ሰው ሼላ ዲሌኒ ናት።

ዲሌኒ ሳልፎርድ የምትባል፣ ከማንቸስተር ጎን ያለች የፋብሪካ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ። ኢለቨን ፕላስን ወድቃለች። አንድ ቀን የታወቀ ደራሲ የጻፈውን፣ የተመሰገነ ቲያትር አይታ ወጣችና ይሄንንማ እኔም እጽፈዋለሁ አለች። ጻፈችው። ለንደን ምሥራቅ ስትራትፎርድ ለምትሠራው አዘጋጅ ለጆአን ሊትልዉድ ላከችው። አብሮት የሄደው ደብዳቤ ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት ቲያትር የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር ትላለች። ማጋነኗ ነው፤ ግን እንዴት ያለ ድፍረት ነው! «የማር ጣዕም» በሜይ 1958 መድረክ ላይ ወጣ። እሷ 19 ዓመቷ ነው።

ጆ የምትባል ተማሪ አለች። እናቷ ሄለን ከአንዱ የኪራይ ክፍል ወደ ሌላው እያንከራተተቻት ኖራ በመጨረሻ ወንድ ተከትላ ትሄዳለች። ጆ ከአንድ ጥቁር መርከበኛ ታረግዛለች፤ እሱም ይሄዳል። የሚንከባከባት ጄፍ ነው፤ ግብረ ሰዶማዊ የሥዕል ተማሪ። በ1958 የጄፍ ዓይነት ኑሮ በእንግሊዝ ሕግ ወህኒ ያስወርዳል። በዚያ ላይ ማንኛውም ቲያትር ሎርድ ቻምበርሌን በሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ሳይታይ መድረክ አይወጣም ነበር፤ ከ1737 ጀምሮ የኖረ ሥልጣን ነው። ይህ ሁሉ ተደርቦበት ቲያትሩ ውስጥ አንድም ሰው አይሰብክም። እናትና ልጅ ይነካከሳሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ስለ ጋዙና ስለ ጉንፋኑ ያወራሉ። ማንም እዘኑልን አይልም። የሳልፎርድ ሰዎች መጀመሪያ ገመናችንን አደባባይ አወጣችው ብለው ተቆጡ። አሁን በልደቷ ቀን፣ ኖቬምበር 25፣ የሼላ ዲሌኒ ቀን ያከብራሉ።

ልጄ ይህን ቲያትር ባለፈው ዓመት ለጂሲኤስኢ ፈተና አጥንታዋለች። እኔም ያወቅሁት ከእሷ ቦርሳ ነው። ስለ እሴት መለወጥ ብዙ ገጽ ከማንበብ ይህችን ማየት ይበልጣል፦ በ1958 ሳንሱር ፊት የቀረበ ቲያትር ዛሬ የ16 ዓመት ልጆች ይፈተኑበታል። «ሰው ለምን ነበር የደነገጠው?» አለችኝ። ጥቁርና ነጭ፣ ያላገባች እናት፣ ጄፍ፤ ለሷ ይህ የክፍሏ ልጆች ስም ዝርዝር ነው። የሚያናድዳት ሄለን ናት። «እንዴት እናት ልጇን ትታ ትሄዳለች?» ትላለች። እዚያ ላይ እኔና እሷ አንድ ነን።

ስለ ሮያል ኮርት ካነሣሁ አይቀር አንድ የኛ ነገር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960 አካባቢ ቲያትር ሊያጠና አውሮፓ ሲመጣ ካያቸው ቤቶች አንዱ ይኸው ሮያል ኮርት ነው፤ የኦስቦርን እሳት ገና ሳይበርድ። ከእሱ በፊት ደግሞ መንግሥቱ ለማ ለንደን ተማሪ ነበሩ፤ የአትሊን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። በኋላ «ያላቻ ጋብቻ»ን ጻፉ። ተምሮ የመጣ የባላባት ዘር የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ሲነሣ የሚፈላው ጉድ ነው። ከለንደን የቀሰሙት ነው አልልም፤ የአቻና ያላቻ ወሬ እኛ ጋ ድሮም ሞልቷል። ግን ያንን ቲያትር ከግሪፊዝ-ጆንስ ጥያቄ አጠገብ አስቀምጣችሁ አንብቡት። የእናቴን ማድቤትም ጨምሩበት።

የድኅረ ጦርነት እንግሊዝ ሲባል ግን ጭንቅላታችን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ሠራተኛ ነው። ኦስቦርን መተኮሻውን መድረክ ላይ ባቆመበት በዚያው 1956 ሳም ሴልቮን «ብቸኞቹ የለንደን ሰዎች»ን አሳተመ። ሴልቮን ከትሪኒዳድ በ1950 የመጣ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጁን 22 ቀን 1948፣ ኤምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን የመጡ ሰዎችን ቲልበሪ ወደብ አራግፋለች። አገሪቱ ሠራተኛ ቸግሯታል፤ ነርስ፣ የአውቶቡስ ሠራተኛ፣ የባቡር ሠራተኛ ትፈልጋለች። የሚፈለጉት ሰዎች ግን ክፍል ሊከራዩ ሲሄዱ በር ይዘጋባቸዋል።

ሴልቮን መጽሐፉን መጀመሪያ በጨዋ እንግሊዝኛ ሞክሮ አልሄድለት አለ። በትሪኒዳዶች አነጋገር ሲጀምረው ፈሰሰለት። ሞሰስ የሚባለው ባለታሪክ በክረምት ማታ በጭጋግ ውስጥ ዋተርሉ ጣቢያ ይሄዳል። አንድ የማያውቀውን ሰው ሊቀበል ነው፤ የአገር ሰው ስለሆነ ብቻ። በየመንገዱ ይነጫነጫል። ለምን እኔ? ለምን ሁሉም አድራሻዬን ይዞ ይመጣል? ከባቡሩ የወረደው ሰውዬ በዚያ ብርድ ስስ ልብስ ለብሷል፣ ሻንጣም አልያዘ። የሚገርመው የበረደው ሞሰስ ነው።

ሂትሮው አየር ማረፊያ ሄዶ የማያውቀውን የአገሩን ሰው የተቀበለ ሐበሻ ይህን ገጽ ሲያነብ ይሥቃል። ሰው የስልክ ቁጥር ብቻ ይዞ ይመጣል። ሳሎን ይነጠፍለታል። «ለሁለት ሳምንት ነው» ይባላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱ ራሱ ሌላ ሰው ይቀበላል፣ እናንተ ሳሎን ላይ! ሞሰስ ክፍል ውስጥ እሑድ እሑድ ሁሉም ይሰበሰባል። ማን ሥራ አገኘ፣ ማን ክፍል አጣ፣ ማን ማንን አገባ። ከእኛ የእሑድ ቅዳሴ ማግሥት ቡና የሚለየው ቡናው ብቻ ነው። ረኃብ የጠናበት ያ እንግዳ ሰውዬ መናፈሻ ውስጥ እርግብ ይዞ ሲያንቅ አንዲት አሮጊት አይታ የምትጮህበት ቦታ አለ። ለእንግሊዟ ወፍ ናት፣ ለሱ እራት። በሣቁ ውስጥ ነው ረኃቡ የሚታየው። የመጽሐፉ ጉድለት ሴቶቹ ናቸው፤ ለወንዶቹ መተላለፊያ እንጂ ሰው አይደሉም ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ስለ ስደት ከዚህ የተሻለ የለንደን መጽሐፍ አላነበብኩም።

ሕጎቹ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሞት ቅጣት በ1965 ቆመ። በዚያው ዓመት በዘር ምክንያት በሕዝብ መገልገያ ቦታ ሰው ማግለል በሕግ ተከለከለ። በ1967 ጽንስ ማቋረጥ በተወሰነ ሁኔታ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ዕድሜያቸው 21 በሞላ ወንዶች መካከል በግል የሚደረግ ግንኙነት ወንጀልነቱ ቀረ። በ1968 የሎርድ ቻምበርሌን ሳንሱር ተሻረ። በ1969 ፍቺን የሚያቀል ሕግ ወጣ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ! ስድሳዎቹ ሲባል ሰው ሚኒ ስከርትና ቢትልስ ያያል። እኔ የማየው ፓርላማው የደራሲዎቹን ዕዳ ሲከፍል ነው። ጄፍ መድረክ ላይ ሻይ ሲያፈላ ከታየ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው ሕጉ የደረሰለት።

ሁሉም ሰው እልል አላለም። ሜሪ ዋይትሃውስ የተባሉ መምህርት በ1964 ቴሌቪዥን ይጽዳ የሚል ዘመቻ ጀምረው በርሚንግሃም አዳራሽ ሰው ሞላላቸው። ጋዜጦቹ እንደ ጅል አሮጊት ሣሉአቸው። እኔ የቤተ ክርስቲያናችንን እናቶች አውቃለሁ፤ ያ አዳራሽ እዚህ ሰፈር ቢሆን የመጀመሪያውን ረድፍ ይዘው ይፈርሙ ነበር። ጅሎች አይደሉም። ልጆቻቸው ከእጃቸው እያመለጡ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሆጋርትም ቢሆን፣ ያን መጽሐፍ ችሎት ቆሞ ያዳነው ሰው፣ ርካሽ መጽሔትና የማስታወቂያ ባህል የሰፈሩን ሰው እየበላው ነው ብሎ ይሰጋ ነበር። ሁሉም ያንብብ ማለትና የሚነበበው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ለእሱ አንድ አልነበረም። ከዚህ ሐሳቡ ጋር እስካሁን እየታገልኩ ነው፤ በተለይ ልጄ ስልኳን ይዛ ስትተኛ።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ያ ትውልድ የወጣበት መሰላል። በ1962 ሕግ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ክፍያው ይከፈልለት፣ ወላጁ ድሀ ከሆነ መኖሪያም ይሰጠው ነበር። በ1998 በዓመት 1,000 ፓውንድ ክፈሉ ተባለ። በ2012 እስከ 9,000 ደረሰ። በነጻ የተማሩት ናቸው ያስከፈሉት። ብድር አለ ይባላል፤ አለ። ግን ዕዳ ለለመደ ቤተሰብና ዕዳ ለሚፈራ ቤተሰብ ብድር አንድ ነገር አይደለም።

በቅርቡ ልጄ ቲያትር ማጥናት እፈልጋለሁ አለች። ፋርማሲ ስትል ነበር የቆየችው። መተኮሻውን ነቅዬ ተቀመጥኩ። ይህንን ሁሉ፣ መሰላሉን፣ ክፍያውን፣ ያ በር ለነዚያ ልጆች እንዴት እንደተከፈተና እንዴት መልሶ እንደጠበበ፣ ረጅም ንግግር አደረግሁላት።

«ዲሌኒ እኮ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ አልገባችም። እኔ ደግሞ ዲሌኒን የሚያህል ሰው በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ለቀረነውስ ትምህርት ቤቱ ነው አልኳት። «አንቺ ሁሌ የምታስቢው ስለ ወደቁት ነው» አለች። እንግዲህ ማመልከቻው እስኪጀመር ጊዜ አለን፤ እንከራከራለን።